ክስ፤ በሕግ ቋንቋና በሕዝብ አንደበት

በቆሰበር አካባቢ ሁለት ጎረቤታሞች በማሳቸው ወሰን ላይ ስለ በቀለ የዲከረንስ ዛፍ ተጣሉ እንበል። አንደኛው ለከሰል ሊቆርጠው መጥረቢያ ያነሣል፤ ሌላው የእኔ ነው ይላል፤ ነገሩ ይከርና በመጨረሻ አንደኛው «እከስሃለሁ!» ብሎ ወደ ከተማ ያመራል። ይህ ሰው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ዛፌን ሰረቀኝ» ቢል አንድ መንገድ ጀመረ ማለት ነው። ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚል ማመልከቻ ቢያስገባ ፈጽሞ ሌላ መንገድ ያዘ። ወደ ሽማግሌዎች ሄዶ «ተበደልሁ» ቢል ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ነው። መንገዶቹ የሚያደርሱት ወደ ተለያየ ቦታ ሲሆን የሚጠይቁት ማስረጃም፣ የሚያስከትሉት ውጤትም የተለያየ ነው። የመንደሩ ሰው ግን ለሦስቱም አንድ ቃል ብቻ አለው፤ «ከሰሰው» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አንድ ቃል ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ፣ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘው ትርጉም በሕዝቡ አፍ ካለው ትርጉም ለምን እንደ ተለየ፣ ልዩነቱም ምን ጉዳት እንደሚያስከትል በአጭሩ ማሳየት ነው። ጸሐፊው መሐንዲስ እንጂ የሕግ ሰው አይደለም። ነገር ግን ድልድይ የሚሠራ፣ ሕንፃ የሚያቆም፣ ውል የሚፈርም ሁሉ አንድ ቀን ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉዳዩ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ሆኖ አልታየውም።

የቃሉ ስፋት

ክስ የሚለው ስም «ከሰሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን አገልግሎቱ እጅግ ሰፊ ነው። ታላቅ ወንድሙ የመታው ሕፃን «ለእማዬ እከስሃለሁ» ይላል፤ እዚህ ላይ ክስ ማለት በደልን ከራስ ለሚበልጥ ሰው ማሰማት ነው። አዋቂው ለፖሊስ ሲያመለክት «ከሰሰ» ይባላል፤ በሕግ ዓይን ግን ይህ ጥቆማ ወይም አቤቱታ እንጂ ገና ክስ አይደለም። ያበደረውን ገንዘብ ለማስመለስ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰውም ይከሳል፤ መንግሥት ነፍሰ ገዳይን ፍርድ ፊት ሲያቀርብም ይከሳል። ሕጉ የመጀመሪያውን «የፍትሐ ብሔር ክስ»፣ ሁለተኛውን «የወንጀል ክስ» ብሎ ቅጽል በመጨመር ይለያቸዋል። በንግግር ግን ቅጽሉ ይወድቅና ባዶው «ተከሰሰ» ይቀራል። ሰሚውም ገንዘብ ተጠየቀ ወይስ ወንጀል ሠራ የሚለውን በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም ብዙውን ጊዜ ወደ ከፋው ያጋድላል።

ቃሉ በድምፅ «ካሣ»ን ይመስላል፤ ዘሩ ግን ሌላ ነው። ትግርኛ ክሱን «ክሲ»፣ ካሣውን ግን «ካሕሳ» ብሎ በመሐል «ሕ»ን ጠብቆ በማቆየቱ ሁለቱ ከአንድ ሥር እንዳልወጡ ያስታውቃል። ሁለቱ ቃላት በትርጉም መገናኘታቸው ግን ድንገተኛ አይደለም። የሚከስ ሰው ካሣ ይጠብቃል፤ በቀድሞው ዘመን ክስ የሚያልቀው በካሣ ወይም በደም ነበርና።

በዚህ ላይ ቃሉ መልካም ስም የለውም። «ከሳሽ» የሚባል ሰው በሠፈር የሚወደድ አይደለም። በዮሐንስ ራእይ ዲያብሎስ በከሳሽነት መጠራቱም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደገ ሕዝብ የዚህን ቃል መራራነት አጠንክሮታል። «እነ እገሌ ተካሰሱ» ሲባል ተጣሉ፣ ተቆራረጡ ማለት ነው፤ ሰላምታቸው ቀረ፣ ማኅበራቸው ፈረሰ የሚል ዜና አብሮ ይሰማል። እንግዲህ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ክስ የጠላትነት ሥራ ሆኖ ተቀርጿል። ይህም ያለ ምክንያት የሆነ አይደለም፤ ታሪክ አለው።

ክስ የግለሰብ በነበረበት ዘመን

በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት ወንጀልን ፈልጎና አጣርቶ በመንግሥት ስም የሚከስ የተለየ ባለሥልጣን አልነበረም። የተበደለው ራሱ ከሳሽ ነበር፤ እርሱ ከሞተ ዘመዱ ይከሳል። ከሳሹ ተከሳሹን ይዞ፣ ዋስ አስጠርቶ፣ ምስክር ቆጥሮ፣ ከጭቃ ሹም እስከ አፈ ንጉሥ፣ ከዚያም እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ በራሱ እግርና ስንቅ ይሟገታል። ተከሳሹ ዋስ ካጣ ሁለቱ በነጠላቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት አንድ ላይ ይታሰራሉ። ይህ «ቁራኛ» ይባል ነበር። ከሳሹ በገዛ እጁ የታሰረበት እስር ነውና የሚበሉትም፣ የሚተኙትም አብረው ነው። ሥርዓቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ቃሉ አልሞተም፤ ከመኝታው መነሣት ያቃተውን ሕመምተኛ ዛሬም «የአልጋ ቁራኛ» እንለዋለን። ክስ ማለት ከጠላት ጋር በአንድ ሰንሰለት መታሰር እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ የሚያስታውስ ምስክር የለም።

የሙግቱም ወግ ቃላትን አውርሶናል። ተሟጋቾች ቆመው በዘንግና በነጠላ አጣጣል እየታገዙ «በላ ልበልሃ» እያሉ በግጥም ጭምር ይከራከሩ ነበር፤ ለቃላቸውም ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዱ ነበር። ዛሬ ፍሬ የሌለውን ንትርክ «እሰጥ አገባ» የምንለው ከዚያው የሙግት ሜዳ ተርፎ ነው። በዚህ ሥርዓት ባለ አንደበቱና ባለ ሀብቱ ይጠቀማሉ፤ አፉ የሚተሳሰርና በቅሎ የሌለው ድኻ ግን እውነት ቢኖረውም መርቻውን ሊያጣ ይችላል።

ነፍስ ሲጠፋ ነገሩ ይብሳል። ክሱ የሟች ወገን ነው፤ ሞት ከተፈረደም ገዳዩ ለሟች ቤተሰብ ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ቤተሰቡም ደሙን ሊመልስ ወይም የደም ዋጋ ተቀብሎ ሊምር መብት ነበረው። «ደመኛ» የሚለው ቃል የማይታረቅ ጠላት ማለት ከመሆኑ በፊት፣ የደም መብት ያለው ሰው ማለት ነበር፤ ይኸውም በዛሬ ቋንቋ ከሳሽ ማለት ነው። ከሳሽነትና ጠላትነት በአንድ ቃል የተቋጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ያ ሥርዓት የሕዝብ ሐሳብ ጨርሶ የጎደለው አልነበረም። በመንገድ የሚያልፍ ማንኛውም ሰው ሁለት ተጣይዎች «በሕግ አምላክ» ካሉት ቆሞ የመንገድ ዳኛ መሆን ይገባው ነበር። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» መባሉም ስለዚህ ነው። ሌባው ወይም ቃጠሎ ያደረሰው ሰው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስም ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ወንጀል የመላው አገር ጉዳይ ነው የሚል እምነት አለ። የጎደለው ይህን እምነት በስሙ ተሸክሞ የሚከስ፣ ከቂም የራቀ አንድ ሰው ነበር።

የሕግ ጠባቂ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ያዙት። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በፍትሐ ነገሥት ላይ ተመሥርቶ ቅጣትን በጽሑፍ ደነገገ። ክሱን ከግለሰብ እጅ አውጥቶ ለመንግሥት ባለሥልጣን የሰጠው እርምጃ ግን የመጣው ከጣሊያን ወረራ ማግሥት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 29 ዐቃብያነ ሕግ ተቋቋሙ። ቀጥሎ በስዊሱ ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ የተመሠረተው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ወጡ።

ለአዲሱ ባለሥልጣን የተሰጠው ስም ልብ ሊባል ይገባዋል። «ዐቃቤ» ዐቀበ ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ሲሆን ጠባቂ ማለት ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚባል ታላቅ ማዕርግ ነበር። እንግዲህ ዐቃቤ ሕግ ማለት የሕግ ጠባቂ ነው። በስሙ ውስጥ መክሰስ የሚል ነገር የለም። ከአንጻሩ የሚቆመው ተከራካሪ ደግሞ «ጠበቃ» ይባላል፤ እርሱም «ጠበቀ» ከሚለው የአማርኛ ግስ የወጣ ነው። ስለዚህ በችሎት ፊት በግራና በቀኝ የሚቆሙት ሁለቱም በስማቸው ጠባቂዎች ናቸው፤ አንዱ ሕግን፣ ሌላው ሰውን ይጠብቃል። ቋንቋችን ይህን ሚዛን አዘጋጅቶ ሳለ ሕዝቡ ግን ዐቃቤ ሕግን በአሮጌው ስም ይጠራዋል፤ ከሳሽ ይለዋል።

የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለክስ የሰጠው ትርጉም ከቁራኛው ዘመን ምን ያህል እንደ ራቀ ጥቂት ድንጋጌዎቹን በማየት ይታወቃል። ወንጀልን የማመልከት መብት ለማንም ሰው ተሰጠ፤ የመክሰስ ሥልጣን ግን የዐቃቤ ሕግ ሆነ። ዐቃቤ ሕጉ የፖሊሱ የምርመራ መዝገብ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክሱን በጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። በክሱ ላይ የተከሳሹ ስም፣ ወንጀሉና ዝርዝሩ፣ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ፣ ተጣሰ የተባለው የሕግ ቁጥር እንዲጻፍ፣ ቀንና ፊርማም እንዲኖርበት ተደነገገ። በቂ ማስረጃ ሲኖር መክሰስ ግዴታው ሆነ፤ ማስረጃው የማይበቃ ሲሆን ደግሞ አለመክሰስ ግዴታው ሆነ። ይህ የኋለኛው ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። በሕዝብ ግምት አልከስም ያለ ዐቃቤ ሕግ ጉቦ የበላ ነው፤ በሕጉ ግን ማስረጃ ሳይበቃ የከሰሰ ዐቃቤ ሕግ ጠባቂነቱን የጣለ ነው።

የግለሰብ ክስም ጨርሶ አልተሻረም። እንደ ስድብ ባሉ፣ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው አይበቃም ብሎ አልከስም ካለ፣ ለተበዳዩ በራሱ እንዲከስ በጽሑፍ ይፈቅድለት ነበር። ፍርድ ቤቱም እንዲህ ያለውን የግል ክስ ከመስማቱ በፊት ባለጉዳዮቹን ለማስታረቅ እንዲሞክር ታዟል። የድሮው ሽምግልና በዚህች ጠባብ በር ወደ አዲሱ ሕግ ገባ።

ክስ ያጣ ፍርድ

የክስን ዋጋ የሚያውቅ ክስ የተነፈገ ሰው ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት 60 ያህል ሰዎችን በአንድ ሌሊት ረሸነ። ከእነዚህ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ይገኙባቸዋል። የተነበበላቸው ክስ፣ የተሰማላቸው ምስክር፣ የተጠየቀ መልስ አልነበረም። ምን አጠፋህ፣ መቼ፣ የት፣ በየትኛው ሕግ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት የሌለበት ቅጣት ፍርድ ሊባል አይችልም፤ ግድያ ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታትም በየቀበሌው እስር ቤት ስንቱ ወጣት ሳይከሰስ ገብቶ ሳይፈረድበት እንደ ቀረ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. በተከፈተው ችሎት የደርግ መሪዎች በዘር ማጥፋትና በሌሎች ወንጀሎች ተከሰሱ፤ የኅዳር 14ቱ ግድያም በክሱ ውስጥ ነበረበት። ጥፋተኛ የተባሉት ከ12 ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሌሉበት የተከሰሱት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም መጀመሪያ የዕድሜ ልክ እስራት፣ በይግባኝ ደግሞ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። ስለ ዳኝነቱ መንዛዛትና በእስር ስለ ቆዩት ተከሳሾች ብዙ ነቀፌታ ተሰምቷል፤ ነቀፌታውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ሊካድ አይገባም። ሰውን ያለ ክስ የገደሉ ሰዎች ራሳቸው የተጻፈ ክስ ተቀበሉ፤ ጠበቃ ቆመላቸው፤ መልስ ሰጡ፤ ይግባኝም አሉ። ሟቾቹ የተነፈጉትን ተከሳሾቹ አገኙ።

ከዚህ የምንማረው ክስ የተከሳሹም ጋሻ መሆኑን ነው። ዝርዝር ያለው ክስ ከሳሹን ያስረዋል፤ ያልጻፈውን ሊያስቀጣ አይችልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ክሱ በቂ በሆነ ዝርዝር እንዲነገረውና በጽሑፍ እንዲሰጠው፣ ጥፋተኛ እስኪባልም ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር መብት የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ክስ የመመሥረት ሥልጣን ያለው ሁሉ ክስ የማንሣት ሥልጣንም ስለሚኖረው የሕዝቡ ጥርጣሬ እዚህም ይነሣል። ጥር 7 ቀን 2010 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ528 ሰዎች ላይ የተጀመረው ጉዳይ መቋረጡን ሲያስታውቅ ብዙው ሕዝብ ተደሰተ። አስተዋይ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ጨምሮ መጠየቁ አይቀርም፤ ክሱ ሲቋረጥ ፍትሕ ከሆነ ሲመሠረት ምን ነበር? ክስ በፖለቲካ ነፋስ የሚገባና የሚወጣ ከመሰለ ሕዝቡ ወደ ጥንት ትርጉሙ ይመለሳል፤ ጠላት የከሰሰው፣ ሲታረቅ የተወው ነው ይላል። በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 943 ራሱን ችሎ የተቋቋመው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲገባም፣ የጠባቂው መኖሪያ የት ይሁን የሚለው ክርክር አብሮት ገብቷል።

ተጎጂው ራሱ ከሳሽ ሲሆን

የግል ክስ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብሎ ለመደምደም መቸኮል አይገባም። በፈረንሳይ በመንግሥት ስም የሚከስ ሹም ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል፤ እንግሊዝ ግን የመክሰሱን ሥራ አብዛኛውን ለፖሊስና ለግለሰብ ትታ ቆይታ፣ ራሱን የቻለ አገር አቀፍ የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ሕግ ነው። ከዚያ በኋላም የግል ክስ መብት አልተነሣም። የዚህ መብት አደጋ በቅርብ ጊዜ በአስደንጋጭ ሁኔታ ታየ።

የእንግሊዝ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በየመንደሩ የሚሠሩ ወኪሎቹን ገንዘብ አጉድላችኋል እያለ ወደ ፍርድ ቤት አቀረበ። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ አብዛኞቹን የከሰሰው ራሱ ፖስታ ቤቱ ነበር። ዋናው ማስረጃ ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ ያቀረበው ሆራይዘን የተሰኘ የኮምፒዩተር ሒሳብ ሥርዓት ነበር። ማሽኑ ጎደለ አለ፤ ሰው ታሰረ፤ ትዳር ፈረሰ፤ ራሱን የገደለም ነበር። በ2019 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥርዓቱ እንከን እንደ ነበረበት አረጋገጠ፤ በ2024ም ምክር ቤቱ በልዩ ሕግ ፍርዶቹን ሻረ።

ፖስታ ቤቱ በአንድ ጊዜ ተጎጂም፣ መርማሪም፣ ከሳሽም ነበር፤ የማስረጃውም ባለቤት እርሱ ነበር። አባቶቻችን ተከሳሹን ከሳሹ በቁራኛ እንዲጠብቀው ባደረጉ ጊዜ የነበረው አደጋና ይህ አደጋ አንድ ናቸው። የለንደኑ ሰንሰለት የተሠራው በኤሌክትሪክ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። የመሣሪያ ንባብ የማይሳሳት አድርገን ለምናቀርብ ለእኛ ለመሐንዲሶችም ታላቅ ትምህርት አለበት። ማሽን ምስክር ሆኖ ሲቀርብ እንደ ማንኛውም ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል።

እርቅና ክስ በቆሰበር

አሁን ወደ አዊ እንመለስ። ቆሰበር፣ ዛሬ በብዛት እንጅባራ የምትባለው ከተማ፣ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት። ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ፍርድ ቤቱም በከተማው አሉ። በገጠሩ ደግሞ ከእነርሱ በፊት የነበረ፣ ዛሬም ያልጠፋ ሌላ ሥርዓት አለ፤ ሽምግልና። ሰው ሲገደል የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎችና ካህናት ይነሣሉ፤ የገዳይ ወገን ተንበርክኮ ይለምናል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል፤ ደም ይደርቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበርም ከጉግሱና ከሽልማቱ ባሻገር የተጣላን በማስታረቅ ይታወቃል።

ሕጉና ሽምግልናው የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። የሟች ቤተሰብ ከታረቀ በኋላ «ክሴን አንሥቻለሁ» ይላል። በሕዝብ አንደበት ትክክል ነው፤ ክሱ የእርሱ ነበረና ተወው። በሕግ ግን ክሱ ከመጀመሪያውም የእርሱ አልነበረም። ነፍስ ማጥፋት በአቤቱታ የሚጀመር፣ በይቅርታ የሚያበቃ ወንጀል ስላይደለ ዐቃቤ ሕጉ ይቀጥላል። ያን ጊዜ ምስክሮች አላየንም ይላሉ፤ ያዩት ደግሞ መሐላ አለብን ይላሉ። መዝገቡ በማስረጃ ማነስ ይዘጋል፤ ወይም ሰውየው ይፈረድበትና የታረቁት ወገኖች «ከታረቅን በኋላ ማን ቀሰቀሰው?» እየተባባሉ አዲስ ቂም ይፀንሳሉ።

ይህን አይቶ ሕዝቡን ሕግ የማያውቅ፣ ዐቃቤ ሕጉን ጨካኝ ማለት ቀላል ነው፤ ሁለቱም ግን ስሕተት ነው። ሽማግሌዎቹ የሚጠብቁት የሚመጣውን ደም ነው፤ ሰባት ትውልድ የሚወርድ ቂም እንዳይኖር። ዐቃቤ ሕጉ የሚጠብቀው ስሙ የማይታወቀውን ቀጣይ ሟች ነው፤ ካሣ መክፈል የሚችል ሁሉ መግደል እንዳይቀለው። ባለ ከብቱ ደም ከፍሎ ቢወጣ፣ ድኻው ግን የሚከፍለው አጥቶ እስር ቤት ቢገባ፣ ሕግ ፊት ሁሉም እኩል ነው የሚለው ቃል ከንቱ ይሆናል። በአንጻሩ ደግሞ እስር ቤቱ የገዳዩን ዕድሜ ቢወስድም ለሟች ልጆች ጤፍ አይገዛም፤ በሬም አይጠምድም።

የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለዚህ መላ ያጣ አልነበረም። የተጎዳው ሰው ወይም ወኪሉ በዚያው በወንጀሉ ችሎት ካሣ እንዲወሰንለት እንዲያመለክት በአንቀጽ 154 ፈቅዶ ነበር። ይህ በር በስፋት ቢታወቅና ቢሠራበት ኖሮ ካሣ ፍለጋ ከፍርድ ቤት የሚሸሽ ቤተሰብ ቁጥር ባነሰ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በባህልና በሃይማኖት ሕጎች መዳኘትን የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ነፍስ መግደል በዚያ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን እርቅ ክስን ባያስቀርም ቅጣትን በመወሰን ረገድ ሊመዘን እንደሚችል፣ የእርቁም መሐላ ምስክርነትን የሚከለክል ቃል ሊይዝ እንደማይገባ ለሽማግሌዎች ማስረዳት የሚቻል ነው። አስረጂው የሚሰማ እንዲሆን ግን ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ መናገር አለበት። በክልሉ ሕገ መንግሥት የራሱ ምክር ቤት በተሰጠው በአዊ ውስጥ በአውኚ ያደገች እናት በማታውቀው የሕግ አማርኛ ተጽፎ የተነበበላትን ክስ ሰማች ሊባል አይችልም። ተከሳሹ የማያውቀው ቋንቋ ሲሆን በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ሕገ መንግሥቱ ያዘዘው ለወግ አይደለም፤ ያልገባ ክስ እንዳልተሰጠ ክስ ስለሚቆጠር ነው።

የእኛ ሙያና ክስ

አንድ ሕንፃ ሲፈርስ በዚያ ፍርስራሽ ላይ ብዙ ዓይነት ክስ ይነሣል። ባለቤቱ ሥራ ተቋራጩንና አማካሪ መሐንዲሱን በውሉ መሠረት ይጠይቃል። ግድግዳው የወደቀበት ጎረቤት ያለ ውል በደረሰበት ጉዳት ካሣ ይጠይቃል። ሰው ሞቶ ከሆነ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ በቸልተኝነት ሰው መግደል ብሎ ይከስሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 የሌላውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሲገድል ቅጣቱን ከሌላው ሰው አክብዶታል፤ በምሳሌነት የጠቀሰው ሐኪምንና አሽከርካሪን ቢሆንም ቃሉ መሐንዲሱንም አያስቀርም። እነዚህ ክሶች በአማርኛ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የሚመዘኑት በተለያየ ሚዛን ነው። በወንጀሉ ነፃ የወጣ መሐንዲስ ካሣ ከመክፈል ነፃ ወጣ ማለት አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በወንጀሉ የነፃነት ፍርድ እንደማይታሰር ደንግጓል። ካሣ የከፈለም ወንጀለኛ ነው አያሰኝም።

በመሥሪያ ቤቶቻችን ግን «እገሌ ክስ አለበት» የሚለው ወሬ ብቻውን ሰውን ከጨረታ ሲያስቀር፣ ዕድገቱን ሲያግድ፣ ከባልደረቦቹ ሲያስገልል ይታያል። ክሱ የክፍያ ክርክር ይሁን የወንጀል፣ ይጣራ አይጣራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከጥቆማ እስከ ፍርድ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የተጠቆመበት ተጠርጣሪ ይባላል፤ ክስ የተመሠረተበት ተከሳሽ፤ ማስረጃ ተሰምቶ የተወሰነበት ጥፋተኛ፤ ቅጣት የተቆረጠበት ፍርደኛ። አማርኛ ለእያንዳንዱ ደረጃ ቃል ሰጥቶናል። የአንዱን ቃል ለሌላው መጠቀም ቀላል የንግግር ስሕተት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የብረቱን ውፍረት በሥዕሉ ላይ አንድ ቁጥር ብናሳስት ምን እንደሚሆን የምናውቅ ሰዎች፣ በሰው ስም ላይ የምንጨምረውን ቃልም በዚያው ጥንቃቄ ልንለካው ይገባናል።

የቁራኛ ሰንሰለት ከተፈታ ዘመናት አልፈዋል። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ነጠላ ተቋጥረው ወደ ችሎት አይሄዱም፤ በመካከላቸው ስሙ ጠባቂ የሆነ ሦስተኛ ሰው ቆሟል። ይህ ሰው ለስሙ የታመነ እንደ ሆነ ተበዳዩ ከበቀል ድካም ያርፋል፤ ተከሳሹም ከጠላቱ እጅ ይድናል። ካልታመነ ግን ሕዝቡ የሚያውቀው አንድ ክስ ብቻ ነው፤ እርሱም የጥንቱ ነው። በሕግ መጻሕፍቱና በሕዝቡ አንደበት መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠበው በየወረዳው መዝገብ ላይ በየቀኑ የሚጻፈው ክስ እውነተኛነት ነው።